በታመመው ደን ምክንያት ልጆቻቸው ላልተስማሙባቸው እናት የተሰጠ ምላሽ

ለተከበሩ እናታችን፤

እርስዎ እየተናገሩ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ልጅዎ የጻፈችው ደብዳቤ በየካቲት አጋማሽ ደርሶኛል። ዓምዱን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ስምዎንና ቀበሌዎን ትቼ ጭብጡን ባጭሩ ላስቀምጥ። የሚኖሩት በአዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ካረፉት ባለቤትዎ ጋር በአንድ ደብተር የያዙት መሬት አራት ቃዳ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ ሁለቱ ቃዳ ባለቤትዎ በተከሉት፣ ዲከረንስ በሚባል የከሰል ዛፍ ተሸፍኗል፤ በቀሪው ላይ ጤፍና ድንች ይመረታል። ደኑ አራተኛ ዓመቱን ቢይዝም ባለፈው ክረምት በሽታ ገብቶበት የላይኛው ቃዳ ቅጠሉ ነድዶ ረግፏል፤ የታችኛው ግን ገና ለምለም ነው። ባሕር ዳር ባጃጅ የሚነዳው ትልቁ ልጅዎ ደኑን በቁሙ የሚገዛ ነጋዴ ልኮልዎታል፤ ደኑ ተሽጦ ቦታው ባሕር ዛፍ እንዲተከልበት፣ ገንዘቡም የራሱን ባጃጅ እንዲገዛበት ይፈልጋል። አምና ጎጆ የወጣው ትንሹ ልጅዎ ደግሞ መሬት የለውምና ቦታው ወደ እርሻ ተመልሶ እሱ እንዲያርሰው ይለምናል። ከታች በኩል የሚያዋስንዎት አበ ልጅዎ፣ የትንሹ ልጅ የክርስትና አባት፣ ባሕር ዛፍ ከተተከለ እንደሚከስስ ተናግሯል። ነጋዴው ቀብድ ይዞ በየሳምንቱ ይመላለሳል። እርስዎም ለነጋዴው ልሽጥ ወይ፣ ወደ እህል ብመልሰው ባለቤቴ «የእርጅናችን ጡረታ» ብሎ የተከለውን አደራ መብላት ይሆንብኛል ወይ፣ ልጆቼንስ እንዴት ላስማማ ብለው ጠይቀዋል።

ከሦስቱ ጥያቄዎች በፊት ያልጠየቁት አንድ ጉዳይ አለና ከእሱ ልጀምር። ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች ትልቁ ይህን አለ፣ ትንሹ ያንን አለ፣ ነጋዴው እንዲህ ብሎ ሄደ ይላል፤ «እኔ እንዲህ አስቤአለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ፈልጌ አጣሁበት። ደብተሩ ላይ ስምዎና ፎቶግራፍዎ ከባለቤትዎ ጎን የተለጠፈው ለወግ አይደለም። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተር መሰጠት ከጀመረበት ከ1990ዎቹ አጋማሽ አንሥቶ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት በሁለቱም ስም ሲመዘገብ የቆየው፣ አንዱ ቢሞት ሌላው በገዛ መሬቱ ላይ ጥገኛ እንዳይሆን ነው። ስለዚህ የመሬቱ ግማሽ ያለ ማንም ክርክር የእርስዎ ይዞታ ነው። የባለቤትዎ ግማሽ በኑዛዜ፣ ኑዛዜ ከሌለም በክልሉ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 252/2009 በተቀመጠው አካሄድ ለወራሾች ይተላለፋል፤ የማን ቅድሚያ እንደሚበልጥ ደግሞ በግምት ሳይሆን ደብተሩን ይዘው የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጠይቀው ነው የሚያውቁት። ባለቤትዎ ካረፉ ወዲህ ስሙ ሳይስተካከል የቆየ ከሆነ ይህን ማስተካከል ከሁሉም ነገር ሊቀድም ይገባል፤ ደብተሩ በሟች ስም እንዳለ የሚደረግ ውል ኋላ ለክርክር በር ይከፍታል።

ዛፉ ከመሬቱ ተለይቶ መታየት አለበት። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ በመሬቱ ላይ በጉልበትና በገንዘብ የለማው ነገር ግን የባለይዞታው ንብረት ነው። ደኑ በትዳር ውስጥ የተተከለ በመሆኑ ግማሹ የእርስዎ፣ ግማሹ የሟች ውርስ ነው፤ ኑዛዜ ከሌለ ደግሞ ውርሱን ሦስቱ ልጆች እኩል ይካፈሉታል። ይህ ማለት ትልቁ ልጅዎ ባዶ እጁን የሚናገር ሰው አይደለም። ለምሳሌ ከደኑ ወጪ ሁሉ ተቀንሶ 60 ሺህ ብር ቢተርፍ 30 ሺው የእርስዎ ነው፤ ቀሪው 30 ሺህ ለሦስት ሲካፈል ለእሱ 10 ሺህ ይደርሰዋል። ከዚህ በላይ ቢሰጡት የእናት ስጦታ ነው፤ ከዚህ በታች ቢሰጡት ግን ቅሬታው ተገቢ ይሆናል። «የባጃጁን ገንዘብ ደኑ ይሸፍን» ማለት ግን የእርስዎንም፣ የወንድሙንም፣ የእኅቱንም ድርሻ መጠየቅ ነው፤ ይህንንም ሳይቆጡ በቁጥር ቢያሳዩት ከንዴት ይልቅ ቁጥሩ እንደሚያሳምነው እገምታለሁ።

አሁን ወደ ደኑ እንምጣ። ለእርስዎ የሚነገር ነገር ባይሆንም የሌላ አካባቢ አንባቢ እንዲረዳው፦ ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ወገን ሲሆን፣ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ የእርሻውን መልክ ለውጦታል። ገበሬው በክረምት ጤፍ ዘርቶ በመሐሉ ችግኝ ይተክላል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል፣ በሁለተኛው ሣሩን ለከብት ያጭዳል፣ ከዚያ ጥላው ሲገጥም ደኑን ትቶ ይጠብቃል። በአራትና በስድስት ዓመት መካከል ተቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ይከሰላል፤ ከሰሉ በአይሱዙ ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ መሬቱ እንደገና ይታረሳል። አፈሩ ኮምጣጣ ሆኖ ማዳበሪያ ቢጨመርበት እንኳ እህል አልሰጥ ላለው ገበሬ ይህ ዑደት መዳኛ ሆኖለት ነበር፤ ብዙ ሰው የቆርቆሮ ቤት የሠራው፣ ልጁን ያስተማረው በዚህ ዛፍ ነው። በአንድ ዛፍ ላይ ይህን ያህል መደገፍ አደጋ እንዳለበት የታየው ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የገባው የዋግ ዓይነት የቅጠል በሽታ በየቀበሌው ሲዛመት ነው።

ይህ በሽታ በነፋስና በዝናብ የሚጓዝ ፈንገስ ነው። በቅጠሉና በቀንበጡ ላይ ቡናማና ብርቱካናማ ዱቄት የሚመስል ነገር ያወጣል፣ ቀንበጡን ያጣምማል፣ ከዚያ ዛፉ ቅጠሉን እየጣለ ከጫፉ ይደርቃል። በችግኝ ጣቢያ ያሉትንም አይምርም። ለአንድ ዛፍ መድኃኒት መርጨት ይቻል ይሆናል፤ ለሁለት ቃዳ ደን ግን አቅምም የለም፣ ወጪውም አይመለስም። ስለዚህ ልጅዎ ደብዳቤው ላይ «መድኃኒት ካለ ይንገሩን» ብላ ለጠየቀችው መልሴ፣ ማንም ሰው የደን መድኃኒት ብሎ ቢያመጣላችሁ እንዳትገዙ ነው።

የላይኛው ቃዳ ቅጠሉን ጥሎ ቆሟል ብለዋል። ጫፉ የደረቀ ዛፍ በቁሙ በቆየ ቁጥር ነቀዝ ይገባበታል፣ እንጨቱ ክብደቱን ያጣል፣ ከሰሉም ተሰባሪ ይሆናል፤ እሱን ለከርሞ ማቆየት ትርፍ የለውም። ይህ ቃዳ በዚህ በጋ፣ ዝናቡ ሳይገባ መቆረጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። የታችኛው ቃዳ ግን ለየብቻ ይታይ። ባለፈው ክረምት ተርፎ አሁን አዲስ ቅጠል እያወጣ ያለ ዛፍ አንድ ዓመት ቢጨምር ግንዱ ይወፍራል፤ በሚቀጥለው ክረምት ቢያዝ እንኳ በተከታዩ በጋ መቆረጥ ይችላል። ሁለቱንም ባንድ ላይ ለመሸጥ የሚያጣድፈው ነጋዴው ነው፤ እሱ ደግሞ የሚያጣድፍበት የራሱ ምክንያት አለው፤ በሽታው ገበሬውን ስላስፈራ በርካሽ የሚሰበስብበት ጊዜ አሁን ነው። በዚያ ላይ አንድ በሬ ብቻ ያለው ትንሹ ልጅዎ እስከ ሐምሌ ድረስ ሁለት ቃዳ ጉቶ ነቅሎ፣ ደጋግሞ አርሶ ለዘር ሊያደርስ አይችልም። ግማሹ ጠፍ ሆኖ ከሚከርም ዛፉ ቢቆምበት ይሻላል፤ ለተማሪዋም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ዓመት መጠባበቂያ ይሆናታል።

ነጋዴው ለደኑ ያቀረበውን ዋጋ ጽፈውልኛል፤ ትንሽ ነው ወይስ ብዙ ለማለት ከዚህ ሆኜ ደኑን አላየሁትም፤ እርስዎም ደኑ ምን ያህል ከሰል እንደሚወጣው ሳያውቁ ዋጋ መቀበልዎ አይገባም። ልጆችዎ በግማሽ ቀን የሚጨርሱት ሥራ አለ። ከላይኛው ቃዳ ጥሩ ከሚባለው፣ ከመካከለኛውና ክፉኛ ከተጎዳው ቦታ አንዳንድ አሥር በአሥር ሜትር በገመድ ይለኩ፤ በየአንዳንዱ ውስጥ ለከሰል የሚበቃውን ዛፍ ይቁጠሩ፤ ሦስቱን ደምረው ለሦስት ያካፍሉ፤ አንድ ቃዳ እንዲህ ያለ ቦታ ሃያ አምስት ያህል ይይዛልና በሃያ አምስት ያባዙት። የዛፉ ቁጥር ከታወቀ በኋላ ትንሹ ልጅዎ ከጎረቤት አንድ ልምድ ያለው አክሳይ ይዞ ከተቆጠረ ዛፍ አንድ አነስተኛ ክምር ያክስል። ስንት ዛፍ ስንት ጆንያ እንደወጣው በዓይን ይታያል፤ የጆንያውን የሰሞኑን ዋጋ ደግሞ ከአዲስ ቅዳም ገበያ ማንም ይነግርዎታል። ከዚያ በኋላ ነጋዴው ሲመጣ የሚነጋገሩት በፍርሃት ሳይሆን በቁጥር ነው። ልብ ይበሉ፤ በቁሙ ሲሸጥ የመቁረጡ፣ የማክሰሉና የማጓጓዙ ወጪ የእሱ ስለሆነ ዋጋው ከጆንያው ዋጋ በእጅጉ ማነሱ አይቀርም፤ ጥያቄው የአነሰው መጠን ከወጪው ጋር ይመጣጠናል ወይ ነው።

እኔን ቢጠይቁኝ ለላይኛው ቃዳ ትንሹ ልጅዎ ራሱ ቢያከስለው እመርጣለሁ። ሥራው ከባድ ነው፤ ክምሩ በሣርና በአፈር ተሸፍኖ እሳቱ እንዳይተነፍስ ሌት ከቀን ይጠበቃል፤ አንዲት ቀዳዳ ከተከፈተችና ሳይደርሱባት ከነጋ የሚገኘው አመድ ነው። ጭሱም ለደረት አይበጅም፤ አራስ ሚስቱ ልጇን ይዛ ከክምሩ አጠገብ እንዳታድር ይከልክላት። ነገር ግን በወንፈል ከጓደኞቹ ጋር ከሠራው ለነጋዴው ይሄድ የነበረው ድርሻ ቤት ይቀራል፤ የጉልበቱም ዋጋ ከመከፋፈሉ በፊት በወጪ ተይዞ ለእሱ ሊታሰብለት ይገባል። አንድ ስጋት ብቻ አለኝ፤ እንደሚያውቁት ባሁኑ ጊዜ መንገዱ አንድ ሰሞን ክፍት፣ አንድ ሰሞን ዝግ ነው፤ ጆንያ ውስጥ የገባ ከሰል መንገድ ተዘግቶበት ዝናብ ቢመታው ኪሳራው የእናንተ ነው። ስለዚህ ሁሉንም ባንድ ጊዜ ከማክሰል ይልቅ እየከሰሉ እየሸጡ መሄድ ይሻላል፤ ከግንቦት በኋላ ግን ቆሞ የቀረውን በቁሙ ከማበላሸት ለነጋዴ መስጠት ግድ ሊሆን ይችላል።

ለነጋዴ ከሰጡ ደግሞ አውራ ጣትዎን ከማሳረፍዎ በፊት ውሉን ልጅዎ ጮክ ብላ ታንብብልዎ። ውሉ የሚሸጠው ዛፉ ብቻ እንጂ መሬቱ እንዳልሆነ፣ የትኛው ቃዳ እንደሆነ፣ ቆርጦ የሚያነሳበት የመጨረሻ ቀን፣ ቅርንጫፉና ጭራሮው ለእርስዎ ማገዶ እንደሚቀር፣ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ የሚከፈለው የመጀመሪያው ክምር ሳይለኮስ መሆኑን፣ የከሰል ማጓጓዣ ፈቃዱንም የሚያወጣው እሱ መሆኑን መያዝ አለበት። ቀብድ ተቀብሎ ስድስት ወር የሚጠብቅ ገበሬ አጋጥሞኛል፤ ነጋዴው ዋጋ ሲወጣ ይመጣል፣ ዋጋ ሲወርድ ይጠፋል፤ ገበሬው ደግሞ ቀብድ በልቻለሁ ብሎ ለሌላ መሸጥ ይፈራል። ቀኑ ካለፈ ውሉ እንደሚፈርስና ቀብዱ እንደማይመለስ መጻፍ ከዚህ ያድናል።

አሁን የሚቆረጠው ቃዳ ምን ይሁን? በዚህ ዓመት ዲከረንስ እንዳይደገምበት እመክራለሁ። በሽታው በዙሪያው ባለው ደን ላይ እያለ አዲስ ችግኝ መትከል ለፈንገሱ ቀለብ ማቅረብ ነው፤ ዛፉም እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ጥሩ አድርጎ ስለማያቆጠቁጥ ችግኝ መግዛቱ ራሱ ወጪ ነው። ወደ እህል መመለሱ ግን ብዙዎች እንደሚፈሩት ዓይነት ድካም ብቻ አይደለም። ዲከረንስ እንደ ባቄላና እንደ አተር ከአየር ናይትሮጅን ወደ አፈር ያስገባል፤ በአራት ዓመት የወደቀው ቅጠልም በስብሶ አፈሩን አለስልሶታል። በአካባቢያችሁ ከደን በኋላ የተዘራ የመጀመሪያ ዓመት ጤፍ ጥሩ እንደሚሆን ገበሬው ራሱ ይመሰክራል፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ዩሪያ ከተጨመረ ጤፉ ሽቅብ ሄዶ ይጋሽባል፤ በመጀመሪያው ዓመት ምን ያህል መቀነስ እንዳለበት የልማት ጣቢያውን ባለሙያ ይጠይቁ። ከሰሉ የተከሰለበት ቦታ አመድና ትቢያ እዚያው ተከምሮ እንዳይቀር በማሳው ላይ ይበተን፤ አመድ የአፈርን ኮምጣጣነት ጥቂት ያረግባል።

ጥቂት ብቻ ነው የሚያረግበው። የአዊ አፈር ኮምጣጣነት የሚመጣው ከዝናቡ ብዛት ነው፤ ዝናቡ ለተክል የሚበጀውን ካልሲየምና ማግኒዥየም እያጠበ ይወስዳል፤ የቀረው አሉሚኒየም ሥሩን ያደነዝዘዋል፤ ፎስፈረሱንም አስሮ ስለሚይዝ የተገዛው ማዳበሪያ ለእህሉ ሳይደርስ ይቀራል። ለዚህ መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ ግን በሄክታር በብዙ ኩንታል የሚጨመር ከባድ ነገር ስለሆነ መጓጓዣው ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል፤ አፈሩ ሳይመረመር በግምት መበተንም ገንዘብ ማባከን ነው። አሁኑኑ የአፈር ናሙና በባለሙያው በኩል ቢላክ ለዚህ ክረምት ባይደርስ ለከርሞ ይደርሳል፤ ኖራው ከዘር ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ከአፈሩ ጋር መታረስ እንዳለበትም ከወዲሁ ይያዝ። በመሐሉ ያለውን ጊዜ የሚሸፍን ሰብል ከናንተው ዘንድ አለ። ድንች ኮምጣጣ አፈርን ከገብስና ከስንዴ ይልቅ ይችላል፤ በለጠና ጉዳኔ የሚባሉትን የተሻሻሉ ዝርያዎች የዘር ድንች ከታመነ አምራች ማግኘት ከተቻለ፣ የክረምቱን የቅጠል በሽታ ከነባሩ በተሻለ ይቋቋማሉ። ግብጦም አለ። ሰው ሁሉ ግብጦን የድሃ እህል አድርጎ ይንቀዋል፤ ቆልቶ ቀናት በወራጅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ምሬቱን የማስለቀቅ ጣጣም አለበት፤ ነገር ግን ሌላው በሚጠወልግበት አፈር ላይ ያለ ማዳበሪያ ይበቅላል፣ ለቀጣዩም ሰብል ናይትሮጅን ትቶ ይሄዳል። በሁለተኛው ዓመት የቃዳውን ጥግ ያህል ቢዘራ አይከፋም።

ስለ ባሕር ዛፉ ብዙ አልጽፍም። ዛፉን ራሱን አልጠላውም፤ ያለ እሱ የኢትዮጵያ ገጠር ቤት አይሠራም። ነገር ግን ካቆጠቆጠ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሚቆይ፣ ጉቶውን ለመንቀል ሌላ ሀብት የሚጠይቅ፣ ከማሳ ጠርዝ ሆኖ የጎረቤትን ውኃና ብርሃን የሚሻማ ተክል ነው፤ በእርሻ አጠገብ ሲተከል መጠበቅ ያለበትን ርቀት የቀበሌያችሁ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ይነግራችኋል። ዋናው ነገር ግን ሕጉ አይደለም። ልጅዎ በደብዳቤው ውስጥ እንደዋዛ ያነሣችው ነገር አለ፤ ትንሹ ልጅዎ ያለው አንድ በሬ ነው፤ የሚያርሰውም ከክርስትና አባቱ በሬ ጋር በመቀናጆ ነው። በአበ ልጅዎ ድንበር ላይ ባሕር ዛፍ የተተከለ ዕለት መቀናጆው ይፈርሳል። አንድ በሬ ደግሞ ለብቻው አያርስም። ባሕር ዳር ያለው ልጅዎ ይህን ሒሳብ አላየውም፤ ከእርሻ ከራቀ ሰው የሚጠበቅ ነው። አበ ልጅዎን ከሌላ ሰው ከሚሰማ ራስዎ ቤቱ ሄደው «ባሕር ዛፍ አይተከልም» ቢሉት ክሱም ይቀራል፣ መቀናጆውም ይጸናል።

ትንሹ ልጅዎ ከሚቆረጠው ቃዳ ላይ እንዲያርስ መፍቀድዎን እደግፋለሁ። ደብተሩን ግን አያስተላልፉለት። ያለዎትን ሁሉ በስጦታ ለልጅ ሰጥቶ በገዛ ቤት እንግዳ መሆንን ብዙ እናቶች ለዚህ ዓምድ ጽፈውልኛል፤ ልጁ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ምራት፣ ዕዳ፣ ሕመም፣ ሌላም ሌላም ይመጣና ነው። በአካባቢያችሁ እንደተለመደው ምርቱን በእኩል ወይም በሲሶ ለመካፈል ይስማሙና በሦስት ዓመት የተወሰነ ጽሑፍ ይያዝ፤ ዘርና ማዳበሪያ ከማን እንደሚወጣ፣ ጭድ ለማን እንደሚሆን ይጻፍበት። «ከእናቴ ጋር ምን ውል አለኝ» ብሎ ቅር ቢለው፣ ውሉ የሚጠብቀው ከነገ ጠያቂ ወንድሙ እሱን ራሱን መሆኑን ይንገሩት። ሦስት ዓመት አርሶ ካለማው በኋላ ትልቁ መጥቶ «ያለ ፈቃዴ ያረስከው» ቢለው የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።

በደብዳቤው ግርጌ፣ ከእርስዎ ቃል በታች፣ በእርሳስ «እኔ ድርሻ አልፈልግም፣ እናቴ ሰላም ታግኝ» የሚል መስመር አለ። ይህን የጻፈችው ልጅ ነችና አንድ ነገር ለእሷ ልበል። እኅቴ፣ እናትሽን መውደድሽ የታወቀ ነው፤ ከአባትሽ ውርስ ግን ያንቺ ድርሻ ከወንድሞችሽ ድርሻ እኩል ነው፤ በአሥራ ሰባት ዓመትም ሆነ በሌላ ዕድሜ ሰው ለማስማማት ተብሎ የሚተው ነገር አይደለም። ቤተሰቡ የሚጣላው አንቺ ድርሻ ስላለሽ አይደለም፤ ድርሻሽን ብትተዪም ወንድሞችሽ በዚያው ላይ ይከራከሩበታል። ከደኑ ገንዘብ የሚደርስሽ በስምሽ ባንክ ይግባ፤ እናትሽም ትመስክርበት።

አደራውን በተመለከተ ሃይማኖታዊ መልስ ከንስሐ አባትዎ ያገኛሉ፤ እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው። ባለቤትዎ «የእርጅናችን ጡረታ» ያሉት ደኑ የሚያመጣውን እንጂ የዛፉን መቆም አልነበረም። የተከሉትም ሊቆርጡት ነበር፤ በሕይወት ቢኖሩ በዚህ በጋ መጥረቢያ ይዘው የሚወጡት እሳቸው ነበሩ። የእርስዎ ግማሽ ድርሻ ለባጃጅም ለምንም ሳይበተን ለእርስዎ ከቆየ፣ ለምሳሌ ግማሹ ባንክ ገብቶ በግማሹ አንዲት የምትታለብ ላም ወይም ሁለት በግ ከተገዛበት፣ ቃላቸው ተፈጽሟል።

ትልቁ ልጅዎ ለፋሲካ እንደሚመጣ ጽፈዋል። የዚህን ሁሉ ንግግር በዚያ ዕለት በማዕድ ላይ አያድርጉት፤ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ጠላ ተጠጥቶ የሚነሣ የመሬት ወሬ እንዴት እንደሚያልቅ ያውቁታል። ከበዓሉ ማግስት ሦስቱን ልጆች ብቻ ይዘው፣ አበ ልጅዎን በሽማግሌነት አስቀምጠው ይነጋገሩ፤ አበ ልጅዎ ባለጉዳይ ነው ብሎ ትልቁ ከተቃወመ ሁለቱም የሚያከብሩት ሌላ ሽማግሌ ይፈለግ። መጀመሪያ የእርስዎ ውሳኔ ይነገር፤ የላይኛው ቃዳ ይቆረጣል፣ የታችኛው ይቆያል፣ ባሕር ዛፍ አይተከልም፣ ገንዘቡ እንዲህ ይከፈላል። ከዚያ ትልቁን ይስሙት። ምናልባት ባሕር ዳር የቤት ኪራይ እየጨነቀው፣ የሰው ባጃጅ ቀን ቀን እየነዳ ከገቢው አብዛኛውን ለባለቤቱ የሚያስረክብ ልጅ ይሆናል፤ ከድርሻው በላይ ለመስጠት ካሰቡ ብድር ይሁን ስጦታ በግልጽ ይነገር፤ ብድር ከሆነ ታናሹም እኅቱም ባሉበት ይጻፍ።

እስከዚያ ድረስ የሚሠራው ሥራ ከፋሲካ በፊት ማለቅ ይችላል፤ ዛፉ ይቆጠር፣ የሙከራው ክምር ይከሰል፣ እርስዎም በአዘቦት ቀን ከልጅዎ ጋር ደብተሩን፣ የባለቤትዎን የሞት ማስረጃና መታወቂያዎን ይዘው ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ዋናውን ደብተር ለማንም አይስጡ፤ ኮፒው ይበቃል። ነጋዴው በመሐሉ ከመጣ «ከፋሲካ በኋላ» ይበሉት። በእውነት ደኑን የሚፈልገው ከሆነ ይጠብቃል።